ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ ኩሽኔታ

ስፈራ እቆጣለሁ። ተፈጥሮዬ ነው። ሌላው ሰው ሲፈራ ያለቅሳል ወይም ይጸልያል፤ እኔ ፊቴ ያገኘሁትን እገላምጣለሁ። ያን ሐሙስ ጠዋት ቢቸና ቤታችን ውስጥ መጀመሪያ የገላመጥኳት እናቴን ነው። ቀጥዬ ጎረቤታችንን አለበልን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሞጣ ላይ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን የማሽን ጠጋኝ። አንዳቸውም በክፋት ያደረጉት ነገር አልነበረም።

የፈራሁት ለአባቴ እስትንፋስ ነው። አባቴ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስቆጥሩ፣ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሳንባቸው ከደከመ ወዲህ ግን አልጋቸው አጠገብ በቆመች አንዲት የኦክስጅን ማሽን ነው የሚኖሩት። ማሽኗ የቤቱን አየር ትስብና አጣርታ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫቸው ትልካለች። መብራት ሲጠፋ ወንድሜ ከአዲስ አበባ የላከው ባትሪ ይይዛታል። ያለ ቱቦው ትንሽ ከቆዩ ከንፈራቸው ይጠቁራል፤ ዓይናቸው ይፈዛል። ይህን አንዴ አይቼዋለሁ፣ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።

ቤታችን ውስጥ የማሽኗን ድምፅ ማንም አያዳምጠውም። ሲለወጥ ግን ሁላችንም እንሰማለን። ያን ቀን ቀድመው የሰሙት ራሳቸው ናቸው። ለትምህርት ቤት ስዘጋጅ ስርጉት ብለው ጠሩኝና፣ ይህች ነገር ድምፅዋ ከፍ ብሏል፣ ጉሮሮዋን ይዟታል አሉኝ። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ ከጀርባዋ ቢላዋ ሞረድ ላይ ሲሳል የሚያወጣው ዓይነት ቀጭን ሲርታ ይወጣል። መዳፌን ከኋላዋ ብዘረጋ የሚወጣው ነፋስ ደካማ ነው፣ ይፋጃል።

ማሽኗ ከጀርባዋ ትንሽ ማራገቢያ አለቻት። ትልቁ ሞተር ሲሠራ ይግላል፤ ማራገቢያዋ ካላበረደችው ማሽኗ እንዳትቃጠል ብላ በራሷ ትጠፋለች። ራሷን ታድናለች፣ አባቴን ግን ትተዋቸዋለች።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ሰበቃን በየዓመቱ አስተምራለሁ። ሰሌዳው ላይ አንድ ሣጥን እሥልና ወደ ኋላ የምታመለክት ቀስት ሰክቼ፣ ይህ እንቅስቃሴን የሚቃወም ኃይል ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ተማሪዎቹም ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል፣ እንወጣለን። ያን ጠዋት ያቺ ቀስት ከሰሌዳው ወርዳ አባቴ ደረት ላይ የተተከለች መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ አላርሙ ጮኸና ማሽኗ ቀጥ አለች። አባቴ በክርናቸው ተደግፈው ለመነሣት ሞከሩ። እናቴ ሀብትነሽ ሰፌድ ይዛ ከጓዳ ሮጠች፤ የማሽኗን ጀርባ እህል እንደምታበጥር ሁሉ ታራግብ ጀመር። ሰፌድ ምን ያደርጋል ብዬ ጮህኩባት። ሰፌዱ ግን ሠራ። ማሽኗ በረድ ስትል ቁልፏን ብጫነው ተነሣች፤ ትንሽ ሄዳ ደግሞ ጮኸች። እኔ መጫን፣ እናቴ ማራገብ፣ አባቴ እኛን መመልከት ሆነ ሥራችን። የአባቴ ዓይን ከእጄ አይነቀልም ነበር።

ሆስፒታል ደወልኩ። የኦክስጅን ሲሊንደር የሚያመጣው መኪና መንገድ ተዘግቶበት ከመጣ ቆይቷል፤ ያለችውን ለአራስ ሕፃናት ይዘዋል። አንዲት የማውቃት ነርስ ግን በእጅ የምትያዝ ትንሽ ሲሊንደር አስፈቅዳ ሰጠችኝ። ማሽኗን የሚከፍት ሰው ከተማው ውስጥ እንደሌለ፣ ሞጣ ላይ ግን ስጦታው የሚባል የሕክምና ዕቃ የሚጠግን ሰው እንዳለ የነገረችኝም እሷ ናት። ስደውልለት፣ ከፍቼ ሳላያት ምንም አልልም፣ አምጧት አለኝ።

ማሽኗን ብቻ ይዤ ልሂድ ብል ደርሼ ሳልመለስ ሲሊንደሩ ያልቃል። አባቴ አብረውን ከሄዱ ግን ማሽኗ በተነሣችበት ሰዓት እዚያው ይተነፍሳሉ። ስለዚህ አለበል ሚኒባሱን አመጣ፤ የኋላውን ወንበር አንሥቶ ፍራሽ አነጠፈ። መንገዱ የተከፈተው ትናንት ነው፣ ነገ መዘጋቱን ማን ያውቃል አለኝ። ታዲያ ለምን ቆመህ ታወራለህ ብዬ ገላመጥኩት። አለበል ደግ ሰው ነው፣ ቁልፉን አዞረ።

የሲሊንደሯ አናት ላይ ትንሽ ሰዓት የመሰለች መለኪያ አለች። መርፌዋ ከአረንጓዴው ተነሥታ ወደ ቀዩ ትወርዳለች። ከቢቸና ስንወጣ አረንጓዴው ላይ ነበረች፤ ደብረ ወርቅን ስናልፍ አጋማሹን ለቃለች። ዓይኔን ከሷ መንቀል አልቻልኩም። አስፋልቱ በተቦረቦረበት ቦታ ሁሉ መርፌዋ ትንቀጠቀጣለች፣ እኔም አብሬ። የአየሩን ፍሰት ቀነስ ላድርገው ብዬ ቁልፉን ነካ ሳደርግ የአባቴ የአፍንጫ ቀዳዳ ይሰፋል፤ መልሼ እከፍተዋለሁ።

እናቴ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከብብቷ ቅብዐ ቅዱሱን አወጣች፣ አውራ ጣቷን አስነክታ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ምልክት አደረገች። ጠዋት ጠዋት የምታደርገው ነው። የሽቱው ሽታ መኪናውን ሞላው። እኔም በልቤ የማልቆጣበት አንድ ነገር አገኘሁ።

ግንደወይን መግቢያ ላይ ኬላ አስቆመን። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ውረዱ አሉን፣ ወረድን። አንደኛው ፍራሹ ጋ ተጎንብሶ ሲሊንደሯን አየና እጁን ቁልፏ ላይ አደረገ፤ ይህ ምንድን ነው እያለም ሲሊንደሯን ወዘወዛት። ያን ቁልፍ ወደ አንዱ ወገን ቢያዞረው አየሩ ይቆማል፣ ወደ ሌላው ቢያዞረው ያለችን ትንሽ ነገር በአንድ ጊዜ ትበናለች። መቆጣት እንኳ አልቻልኩም። አባቴ ጣታቸውን አነሡና ቱቦውን ከአፍንጫቸው እስከ ሲሊንደሯ ድረስ በአየር ላይ ቀስ ብለው ተከተሉት። ሰውየው ገባው። እጁን እንደተፋጀ ሰው አነሣና፣ እግዜር ይማርዎት አባ ብሎ አሳለፈን። ሞጣ ደረስን።

የስጦታው ቤት ከልብስ ሰፊዎች ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። መነጽር ያደረገ፣ ደልደል ያለ ሰው ነው። በስልክ ሲያወራ ደፋር መስሎኝ ነበር። አባቴን በአለበል ጀርባ ታዝለው ሲገቡ ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ። የራሱን አግዳሚ ወንበር ለቀቀላቸው፣ እናቴ ራሳቸውን ጭኗ ላይ ስታደርግ ማሽኗን ጠረጴዛው ላይ አወጣት፣ ካቻቪቴውን አነሣ። እንዲህ ያለችውን ከፍቼ አላውቅም አለኝ። እንዴት አታውቅም፣ ታዲያ ምን ብለህ አስመጣኸን ብዬ አፈጠጥኩበት።

“ልዋሽዎት እንዴ?” አለ። “እኔም ፈርቻለሁ። ሰው ተኝቶ እያየኝ ሠርቼ አላውቅም።”

ፈራሁ ያለ ሰው ላይ መጮህ አይቻልም። የሲሊንደሯን መርፌ ማየት ጀመርኩ። ከቀዩ ብዙም አልራቀችም።

የጀርባ ሽፋኗን አነሣ፣ ማራገቢያዋን ፈታ፣ ከመሃሏ ትንሽ የብረት ቀለበት በመርፌ ፈልቅቆ ክንፎቿን ነቀለ። ከውስጧ ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ ኩሽኔታ አወጣና በጣቶቹ መሃል ይዞ ወደ ብርሃን አነሣት። በዚያች ቀለበት ውስጥ ስንዴ የማያህሉ የብረት ኳሶች አሉ፤ ማራገቢያዋ የምትዞረው እነሱ ላይ ነው። ሊያዞራት ሞከረ፣ እምቢ አለች። ጫን ሲላት እየተንቋቋች ዞረች። ዙሪያዋን ቡናማ ነገር ይዟታል፤ መጥበሻ ላይ ተቃጥሎ የቀረ ዘይት ይመስላል።

ያኔ ሸተተኝ። ስጦታው ኩሽኔታዋን ቤንዚን ውስጥ ሲነክራት ከቤንዚኑ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ ተነሣ፤ ከጠዋት ጀምሮ መኪናው ውስጥ የነበረው፣ የአባቴ ግንባር ላይ ያለው። ወደ እናቴ መዞር ፈራሁ። ስጦታውን ዝም በል ለማለት አፌን ስከፍት ቀደመኝ። ምንም አያውቅም፣ ሥራው ላይ አጎንብሶ ነው የሚያወራው።

“ይህችን የምግብ ዘይት ነው የቀቧት። ስትሠራ የገባላትን ቅባት አጥቦ አወጣውና እሱ ራሱ በስሎ ሙጫ ሆነ። ማነው እንዲህ ያደረገው? አንድ ሳምንት ቢቀጥል ሊገድላቸው ነበር እኮ።”

የሚሰማው የሲሊንደሯ ፉጨት ብቻ ነው።

“እኔ ነኝ” አለች እናቴ።

ስጦታው ቀና ብሎ አያት። ምን እንዳለ የገባው ያኔ ነው፤ መነጽሩን አውልቆ መልሶ አደረገ። እናቴ ቃሏን እየጎተተች ተናገረች። ማሽኗ ለጽዳት ስትጠፋ ጠብቃ፣ ስንደዶ ላይ ጥጥ ጠቅልላ፣ ቅብዐ ቅዱስ አስነክታ፣ በጀርባዋ ወንፊት ቀዳዳ አስገብታ የምትዞረዋን መሃሏን ትቀባት ኖሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ ማጣሪያዋን ለማጠብ እኔው ነኝ ለአፍታ የማጠፋት፤ ውሃ ስቀዳ ነው የምትቀባት።

“እሳቸውን ቀብቼ እሷን መተው ከበደኝ” አለች። “የምታኖራቸው እሷ አይደለች?”

ስጦታው እናቴን፣ ባያውቁ ነው፣ ጥፋት የለብዎትም ማለት ጀመረና መሃል ላይ ሌላ ነገር ትዝ አለው። ዘይት የነካ እጅ ሲሊንደሩን እንዳይነካ፣ ዘይትና ኦክስጅን ሲገናኙ እሳት ናቸው አለ። ትክክል ነው፣ ማለትም ነበረበት። እናቴ ግን ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች፤ የአባቴን ራስ ከጭኗ ላይ በክርኗ አድርጋ ቀስ ብላ ወደ አለበል አሳልፋ ሰጠችና ወጣች። ልከተላት ፈለግሁ። መርፌዋን ትቼ መሄድ ፈራሁ።

ስጦታው ኩሽኔታዋን በሲሪንጅ ቤንዚን እየረጨ አጠበ፣ አደረቀ። አሁን ጣቱ ላይ ስትዞር አትቆምም። ይኸው ተፈታችልህ፣ ግጠማት አልኩት። ደረቋን አትሆንም አለኝ፤ ብረት ብረትን እየበላ ከማታ በፊት ትነክሳለች። መለወጫ ደግሞ ከባሕር ዳር ካልሆነ የለም። ከመደርደሪያው ላይ የውሃ ፓምፕ የሚያድስበትን ግራሶ አወረደ፤ በጣቱ ጫፍ ቆንጥሮ ኩሽኔታዋን ጢም አድርጎ ሞላት፣ ገጠማት፣ ማሽኗን አስነሣት።

ማሽኗ ተነሣች። ሲርታው ጠፋ። አለበል ተመስገን አለ፣ እኔም ልል ነበር። ግን ነፋሱ ደካማ ነው። እጄን ዘረጋሁ፣ እየሞቀ መጣ። ኳሶቹ ከሙጫ ወጥተው ጭቃ ውስጥ ገብተዋል። ወፍራሙን ግራሶ እየቀደዱ ለመሄድ ጉልበታቸው አለቀ። ሰሌዳ ላይ የማልጽፈው ይህን ነው፤ ማለስለሻው ራሱ ሲበዛ እንደሚይዝ። አላርሙ ጮኸ።

የሲሊንደሯ መርፌ ቀዩ ውስጥ ገብታለች። የአባቴ ትንፋሽ አጠረ፤ በየመሃሉ ዓይናቸው ወደ በሩ ይሄዳል። ስጦታው ቆሞ ቀረ። ግንባሩ ላይ ላብ አለ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እጁ ግን ምንም አይሠራም። ያኔ መጮህ ብችል ደስ ባለኝ። ድምፄ ሲወጣ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ፤ ለመንኩት።

“ስጦታው ወንድሜ፣ መልሰህ እጠባት። ቀጭን ነገር ብቻ ነው የጎደለን። ከዚህ የቀጠነ ምን አለህ?”

የለኝም አለ። ግን አሰበና ራሱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪና እየሮጠች ነው። ሁለታችንም እኩል ሰማናት። ሮጥኩ፤ ልብስ ሰፊዋን ሰላም ሳልል የመኪናሽን ዘይት አልኳት። የሰው ፊት ማንበብ የምትችል ሴት ናት፣ ምንም ሳትጠይቅ ሰጠችኝ። ውሃ የመሰለ፣ ሽታ የሌለው ዘይት ነው።

ስመለስ ስጦታው ግራሶውን አጥቦ ጨርሷል። የመርፌ ጫፍ ዘይቱ ውስጥ ነከረና ጫፏ ላይ የተንጠለጠለችውን አንዲት ጠብታ ኩሽኔታዋ ላይ አሳረፈ። ጨምር ልል ፈልጌ ምላሴን ያዝኩ። በጣቱ አዞራት፣ የተረፈውን በጨርቅ ጫፍ መጥጦ አወጣው። ይቺ ይበቃታል፣ እስኪ እሱ ያውቃል አለ። ገጠማት።

ማሽኗ ስትነሣ ከኋላዋ የወጣው ነፋስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አነሣው። ቀዝቃዛ ነው። ግን ወዲያው አትሰጥም፤ አየሩን አጣርታ እስክትበቃ መጠበቅ አለ። እኛ ቆመን የማሽኗን ቀይ መብራት እያየን፣ የሲሊንደሯ ፉጨት እየሳሳ፣ አባቴ አፋቸውን ከፍተው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ቱቦውን ከሲሊንደሯ ነቅዬ ማሽኗ ላይ ሰካሁት። ሲሊንደሯ ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም።

የአባቴ ከንፈር ቀስ እያለ መልኩን ያዘ። ስጦታው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። አለበል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አፍንጫውን ይጠርጋል። እኔ አለቀስኩ፤ አዎ አለቀስኩ፣ ደስታ ይሁን ፍርሃት አልለየሁትም።

አባቴ ግን ደስ አላላቸውም።

“ሀብትነሽስ?” አሉ።

ውጭ ናት፣ ትመጣለች አልኳቸው። ጥሪያት አሉ። ወጣሁ። እናቴ ከቧንቧው አጠገብ ተቀምጣ እጇን ትታጠባለች። ሳሙናው አልቆ ስባሪው ቀርቷል፤ ቆዳዋ ቀልቷል። ማሽኗ ሠራች፣ ግቢ አልኳት። ሰምታለች፤ አልተነሣችም።

“በዚህ እጅ አልጠጋቸውም። አንቺ አለሽላቸው። ከእንግዲህ እኔ ወጥ ልሥራ” አለች።

ተመልሼ ለአባቴ ትንሽ ልረፍ ብላለች አልኳቸው። አባቴ ሰው ሲዋሽ ያውቃሉ። እጃቸውን አነሡ፣ ቱቦውን ከጆሯቸው ኋላ አላቀቁ፣ ከአፍንጫቸው አወጡና ደረታቸው ላይ አስቀመጡት።

መጀመሪያ አልገባኝም። ወድቆባቸው መስሎኝ መልሼ ልሰካው ስል አንጓዬን ያዙኝ። ያ አልጋ ላይ የደከመ እጅ ያን ያህል ኃይል ይኖረዋል ብዬ አላስብም ነበር። ስጦታው ከወለሉ ተስፈንጥሮ ተነሣ፤ መሪጌታ ምን እያደረጉ ነው አለ። ዓይናቸውን ወደ በሩ አደረጉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ትስካልኝ ማለታቸው ነው። ማሽኗ አጠገባቸው በደንብ እየሠራች፣ አየሩ ከቱቦው ጫፍ በከንቱ እየወጣ፣ ከንፈራቸው ሲጠቁር አየሁ። ያን ቀን ከፈራሁት ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ሌላው ሁሉ የብረት ጥፋት ነበር፤ ይህን ግን በገዛ እጃቸው ነው ያደረጉት።

ወደ ውጭ ሮጥኩ።

“እማ፣ አውልቀውታል። ካንቺ በቀር ለማንም እምቢ ብለዋል።”

እናቴ እንዴት እንደተነሣች አላየሁም። እኔ ከበሩ ሳልደርስ እሷ አጠገባቸው ተንበርክካለች። እጇ ውሃ ያንጠባጥባል። ቱቦውን አነሣች፣ መጀመሪያ ሳተችው፣ ሁለተኛ አፍንጫቸው ላይ አገባችው፣ በሁለቱ ጆሯቸው ኋላ አዞረችው። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡ፣ ደግመው ሳቡ። መናገር እስኪችሉ ድረስ እጇን ጉንጫቸው ላይ ተጭነው ያዙት።

“ነገም አንቺው ነሽ” አሏት።

እናቴ ፊቷን በትከሻዋ ጠረገች። ከዚያ ጣቷ ከግራ ጆሯቸው ኋላ ያለውን ቱቦ ዳሰሰና ቆመ። ላላ አደረገችው፣ የቀላውን ቆዳ በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ መልሳ አስተካከለችው።

“ስርጉት ናት” አለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር። “ሁልጊዜ ታጠብቅብዎታለች።”